ቮልትን ማን ያርመዋል? ስለ ኳንተም መመሳከሪያ የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የኤሌክትሪክ መለኪያዎችን ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም ከታመነ መመሳከሪያ ጋር እያነጻጸሩ ስህተታቸውን ማግኘት ነው። «ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም።

ጥያቄ፦ መልቲሜትሬ 8 ዲጂት ተኩል ያሳያል። ካሊብሬሽን ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ብዙ ዲጂት ማሳየትና እውነቱን መናገር ለየቅል ናቸው ወንድሜ። ሜትርህ የሚተማመነው ውስጡ ባለው ዜነር ዳዮድ ነው፤ ቋሚ ቮልቴጅ እንዲሰጥ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ዜነር ደግሞ ያረጃል፤ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይሸሻል። መሸሹን የሚያጋልጠው ከውጭ ያለ፣ ራሱ የማይሸሽ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የማይሸሽ ነገር አለ እንዴ?

መልስ፦ አለ። ኳንተም መመሳከሪያ የምንለው እሱን ነው፤ ብሪታኒያዊው የፊዚክስ ሊቅ ብራያን ጆሴፍሰን በ1962 እ.ኤ.አ. ገና በ22 ዓመቱ በስሌት የተነበየው ነው። ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮችን (ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፉ ቁሶችን) በስስ ሽፋን ትለያለህ። በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 4 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ታቀዘቅዛለህ። ከዚያ ማይክሮዌቭ ትለቅበታለህ። ቮልቴጁ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል። የደረጃውን ቁመት የሚወስኑት የማይክሮዌቩ ፍሪኩዌንሲ፣ እንዲሁም ሁለት የማይለወጡ የተፈጥሮ ቁጥሮች፣ የፕላንክ ቋሚና የኤሌክትሮን ቻርጅ፣ ብቻ ናቸው። የፋብሪካ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመና ቦታ የላቸውም! በ70 ጊጋኸርዝ አንዱ ደረጃ 145 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ለ10 ቮልት 70 ሺህ ያህል እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች በአንድ ቺፕ ላይ ይደረደራሉ።

ጥያቄ፦ ፍሪኩዌንሲው ራሱ ቢሳሳትስ?

መልስ፦ ጥሩ ያዝሽኝ እህቴ። እሱ የሚመራው በአቶሚክ ሰዓት ነው። ከጊዜ የበለጠ በትክክል የምንለካው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የሬዚስታንስ መለኪያው ኦምስ?

መልስ፦ እሱን ያገኘው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ ነው፣ ፈረንሳይ ግሬኖብል፣ በ1980 እ.ኤ.አ.። ስስ የኤሌክትሮን ንጣፍ በብርቱ ቅዝቃዜና በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሲገባ ሬዚስታንሱ 25,812.807 ኦም ላይ፣ ወይም በግማሹ፣ በሲሶው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጥያቄ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ተለወጠ የተባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሜይ 20 ቀን የፕላንክ ቋሚና የኤሌክትሮን ቻርጅ ቁጥራቸው ለዘለቄታው ተወሰነ። ለቮልትና ለኦም ከ1990 ጀምሮ ስንሠራበት የነበረው የስምምነት ቁጥር ቀረ። ቮልት በአንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ተነካ፤ ኦም ከዚያም ባነሰ። የቤት ቆጣሪ አይሰማውም።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ላብራቶሪ ይህን መግዛት አለበት?

መልስ፦ ኧረ የለበትም። የሂሊየሙ ወጪ ብቻ ያስለቅሳል። ዜነራችሁን መመሳከሪያው ወዳለው የሥነ ልክ ተቋም ላኩት። ግን በባትሪ እየሠራ ይሂድ፤ መንገድ ላይ ኃይሉ ከተቋረጠ ሲመለስ የድሮው ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኳንተሙ ካለ እንግዲህ ስህተት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ቺፑ አይዋሽም፣ ገመዱ ግን ይዋሻል። የተለያዩ ብረቶች የሚገናኙበት ቦታ ሙቀቱ ሲለያይ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል። ገመዱ ደግሞ ከ4 ኬልቪን ተነስቶ ክፍል ሙቀት ድረስ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ የመዳብ ተርሚናሉን በባዶ ጣቴ አጠበቅኩት። የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች ሽርሽር ወጡ፣ አልመለስ አሉ። አንድ ማይክሮቮልት እኮ ከ10 ቮልት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው፤ ያ ሁሉ የ2019 ለውጥ በጣቴ ሙቀት ሊዋጥ ይችላል ማለት ነው።

አሁን አጥብቄ እሄዳለሁ፣ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንዴ እለካለሁ፣ ዋልታውን (ፕላስና ማይነሱን) ገልብጬ ደግሞ እለካለሁ፣ የልዩነቱን ግማሽ እወስዳለሁ። የቺፑ ቮልቴጅ አብሮ ይገለበጣል፤ የገመዱ ግን ባለበት ስለሚቀር ይጣፋል።