«ነርስ ይጨመርልኝ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ

እህቴ፣ ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ክፍል) ላይ ሄድ ነርስ፣ ማለትም የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ፣ ሆነሽ እንደተመደብሽ አነበብኩ። ማታ ሁለት ነርስ ለ32 ታካሚ ነው ብለሻል። እንዴት ነው ነርስ የማስጨምረው ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይሄንኑ ሥራ ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

1ኛ፦ የጎደለውን በራስሽ ጉልበት አትሸፍኚ። የኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ሰው ሲቀር ራሴ እገባ ነበር። ዱቲ ያደረችውን ልጅ ለምኜ ቀኑንም አስደግማታለሁ። የነርሶቹ የተራ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ሁሌ ሙሉ ነው። ዋርዱን ያቆምኩት እኔ ነኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ስትሮክ የያዛቸው አባት ተኙ። ገላቸው በመተኛት እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። ማታ ማታ ግን ማን ይድረስላቸው? በአራተኛው ቀን ከወገባቸው በታች ቆስሎ አገኘነው። ልጃቸው «ሲስተር፣ እኔ እኮ በር ላይ ነበርኩ፤ ብትጠሩኝ አገላብጣቸው ነበር» አለኝ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

2ኛ፦ ቢሮ ለቢሮ እየዞርሽ አትለምኚ። እኔ በማግስቱ እያለቀስኩ ሰው ሀብት ሄድኩ። ኃላፊው ቁጭ በይ እንኳን አላለኝም። «ፕሮግራምሽ ሙሉ ነው፤ የፈረምሽውም ራስሽ ነሽ» አለኝ። በንዴት እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ፊርማው የኔ ነው፤ ምን እላለሁ?

የዚያን ቀን ደብተር ገዛሁ። በየሺፍቱ ስንት ነርስ እንደገባ ጻፍን። የታካሚ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ራሱን ችሎ የሚሄድና ኦክስጅን ላይ ያለ እኩል አይደሉም። ስለዚህ ስንቱ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ስንቱ ኢንሱሊን ይወስዳል፣ ስንቱ ይገላበጣል እያልን ለየን። ከሁሉ በላይ ሳይሠራ ያደረውን ጻፍን፦ ያለፈ መድኃኒት፣ ያልተለካ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ)። ነርሶቹ መጀመሪያ ፈሩ። ማንም እንደማይቀጣበት ቃል ገባሁላቸው።

የሦስት ወሩን ደምሬ ለሜትረን (የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ) እና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስገባሁ። የአሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ የሊንዳ አይከን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን የፔንሲልቬንያ ጥናትም ጠቀስኩ፦ በቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ፣ ለአንድ ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ይጨምራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዋርድ ላይ አንድ ነርስ ከአምስት ታካሚ በላይ እንዳይዝ በሕግ ተከልክሏል። እኛ እዚያ አንደርስም። ዳይሬክተሩ ግን ጥናቱን አልፎ የራሳችን ያለፉ መድኃኒቶች ላይ ቆመ። «ይሄ ሁሉ እዚህ ቤት ነው?» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማታው ሦስት ነርስ ሆነ። ብዙ አይደለም፤ ግን ተራ ይዘው ማገላበጥ ቻሉ።

አንቺም ደብተሩን ዛሬ ማታ አስጀምሪ። የጎደለ ፕሮግራም ላይ ስትፈርሚ «ሁለት ጎድሎ» ብለሽ ጻፊበት። ደብተሩ ላይ የምንሞላውን ሰንጠረዥ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።