ከጀርመን ተነስቶ በባቡር ፓስ ጎረቤት አገሮችን ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ሰመር ሲቃረብ ስለ ኢንተርሬይል፣ ማለትም በአንድ ፓስ በብዙ የአውሮፓ አገሮች በባቡር ስለሚያስኬደው ቲኬት፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች ይበዛሉ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ዕረፍት ሳገኝ ባቡር እመርጣለሁ። የመጡልኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ኢንተርሬይል መግዛት እችላለሁ?

ትችላለህ ወንድሜ። የሚታየው የምትኖርበት አገር ነው። በጀርመን ሕጋዊ መኖሪያ ካለህ ኢንተርሬይል ያንተ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድህ ደግሞ ዩሬይል የሚባለውን ይገዛል። ሁለቱም 33 አገሮች ውስጥ ይሠራሉ፤ አብራችሁ በአንድ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። ልዩነቱ፣ ኢንተርሬይል በምትኖርበት አገር ውስጥ የሚያገለግለው ለመውጫ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን ብቻ ነው። ማታ ማታ ቤቱ እየገባ በየቀኑ ድንበር ለሚሻገር ሰው አይሆንም።

ወረቀቴ ገና አላለቀም። ፈረንሳይ ደርሼ ብመለስ ማን ያየኛል?

እባክህ አትሂድ። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ዘርዘር ላድርገው። በእጅህ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት፣ ማለትም አውፈንትሃልትስጌሽታቱንግ ከሆነ፣ ከጀርመን ውጭ አያስኬድም። ዱልዱንግ፣ ማለትም መባረርን ለጊዜው የሚያቆየው ወረቀት ከሆነ ደግሞ ከአገር በወጣህበት ቅጽበት ራሱ ዱልዱንጉ ይቃጠላል። ጀርመን ከመስከረም 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ መታወቂያ ይጠይቃል። የዓመታት ትዕግስትህን ለአንድ ቅዳሜና እሁድ አትስጠው።

የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና ያልተቃጠለ ፓስፖርት ወይም ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ግን በሸንገን፣ ማለትም የጋራ የቪዛ ሥርዓት ባላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ስዊዘርላንድም ሸንገን ውስጥ ናት። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ሰርቢያና ቱርክ ግን ፓሱ ቢሠራባቸውም ከሸንገን ውጭ ናቸው፤ ቪዛውን ለየብቻ አጣሩ። ዋናውን ሰነድ ያዙ፣ የስልክ ፎቶ አይበቃም። ግሪን ካርድ ያለው ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ዘመድ ካላችሁም፣ ከአሜሪካ ሳይነሳ የሸንገን ቪዛ እንደሚያስፈልገው ንገሩት።

ያዋጣል ወይ?

በአንድ ወር ውስጥ 4 የጉዞ ቀን የሚሰጠው ፓስ ለአዋቂ በሁለተኛ ማዕረግ ወደ 280 ዩሮ ገደማ ነው። ለአንድ ቀን 70 ዩሮ መሆኑ ነው። ዋጋው ይለዋወጣል፣ ቅናሽም ይወጣል፤ ሂሳቡ ግን ያው ነው። በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ የምትጓዙና ቲኬት ከወር በፊት መቁረጥ የምትችሉ ከሆነ፣ ተራው ቲኬት ይረክሳል። ረጅም መንገድ የምትሄዱ፣ ቀኑን እንደ ልባችሁ መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ፓሱን ግዙ። እስከ 27 ዓመት ያሉ ወጣቶችና 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ቅናሽ አላቸው። ድንበር አጠገብ ያለችውን የኦስትሪያ ከተማ ሳልዝበርግን ብቻ አይቶ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፓስ አያስፈልገውም፤ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የጀርመን ወርኃዊ ቲኬት በክልል ባቡር እዚያ ድረስ ያደርሳል።

4 ቀን ቢኖረኝ የት ትልከኛለህ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከፍራንክፈርት ወይም ከሽቱትጋርት በዙሪክ በኩል ኩር ወደምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ሂጂ፣ እዚያው እደሪ። በማግስቱ ጠዋት በአልፕስ ላይ አልፎ ጣልያን ወደምትገኘው ቲራኖ የሚወስደውን ቀዩን ባቡር ያዢ። ቤርኒና ኤክስፕረስ የሚባለው ባለ ትልቅ መስኮቱ ባቡር መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታው ነው፣ ተጨማሪም ያስከፍላል። በዚያው ሐዲድ ላይ ግን ተራ ባቡሮች ይሄዳሉ። ፓሱ ይበቃቸዋል፣ አንዳንድ መስኮታቸውም ይከፈታል፤ እኔ ሁልጊዜ እነሱን ነው የምመርጠው። ሳሜዳን ወይም ሳንክት ሞሪትስ ላይ ባቡር መቀየር ሊኖር ይችላል።

ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒስዮ ቤርኒና 2,253 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ግን በመስኮቱ የምታይው የበረዶ ግግርና ነጭ ሐይቅ ነው። ከዚያ ባቡሩ ለቁልቁለት የሚረዳ ባለ ጥርስ ሐዲድ ሳያስፈልገው እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ብሩዝዮ ላይ በድንጋይ ድልድይ ዙሪያውን ዞሮ በራሱ መንገድ ሥር ያልፋል። ቲራኖ ስትደርሺ 429 ሜትር ላይ ነሽ፣ አየሩም ሞቅ ብሏል። ወደ ሚላኖ የሚወስደው የክልል ባቡር በኮሞ ሐይቅ ዳር ነው የሚሄደው፤ በስተቀኝ ተቀመጪ።

በሦስተኛው ቀን በክልል ባቡር እስከ ቬሮና፣ ከዚያ ብሬነር በሚባለው የአልፕስ መተላለፊያ በኩል ወደ ኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ። በሰመር ለብሬነሩ ባቡር ቦታ አስቀድመሽ ያዢ። አራተኛው ቀን በሙኒክ አድርጎ ወደ ቤት ነው።

ፓሪስስ?

ቆንጆ ናት፣ ግን ለፓስ አትመችም። ፈጣኖቹ የፈረንሳይ ባቡሮችና ዩሮስታር የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ ፈጣን ባቡር ከፓሱ በላይ የመቀመጫ ክፍያ አላቸው፣ ለፓስ ተጓዥ የሚሰጡት ቦታም የተወሰነ ነው፤ ያልቃል። በጣልያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮችም መቀመጫ መያዝ ግዴታ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በቤልጂየምና በሆላንድ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘው ብሎ መግባት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስ የሚገዛ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ሉክሰምበርግ ውስጥ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት በሁለተኛ ማዕረግ በነፃ ነው፤ እዚያ ለመዘዋወር የፓስ ቀን አታባክኑ።

የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ።

እህቴ፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ፓሳቸው ነፃ ነው፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ። ነፃ ቢሆንም የልጅ ፓሱን ከራስሽ ጋር ማዘዝ አለብሽ። መቀመጫ ሲያዝ ግን ይከፈልላቸዋል። የሦስታችሁንም ፓስ በአንድ ስልክ መያዝ ትችያለሽ። ባቡሩ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ጉዞውን ፓሱ ያለበት የስልክ አፕ ላይ አስገቢ፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው የዚያን ቀን ኪውአር ኮድ ነው። ፓወር ባንክ አይረሳ።

እናቴ ምግብ ካልያዝኩ አልሄድም ይላሉ።

ይያዙ። ዳቦ ቆሎም ሆነ የጾም ወጥ በእንጀራ፣ ባቡር ውስጥ መብላት የተለመደ ነው። ሻንጣም አይመዘንም።

የሌሊት ባቡር ሁለት ቀን ይቆጥራል?

ሳትቀይር እስከ ጠዋት ከሄድክ የሚቆጠረው የተነሳህበት ቀን ብቻ ነው። ለምሳሌ ከሙኒክ ሮም። የአልጋው ዋጋ ግን ከፓሱ ውጭ ነው፣ ቶሎም ይያዛል።

ባቡር ቢዘገይብኝስ?

ጀርመን ውስጥ ይዘገያል፣ አውቃችሁ ውጡ። ቦታ የማያስይዝ ባቡር ከሆነ ምንም ችግር የለም፤ ቀጣዩን አፑ ላይ ቀይራችሁ ትሳፈራላችሁ። የያዛችሁት መቀመጫ ካመለጣችሁ ጣቢያው ቢሮ ሄዳችሁ የመዘግየቱን ማረጋገጫ ጠይቁና በሚቀጥለው ባቡር እንዲያስተካክሉላችሁ አድርጉ። የቀኑን የመጨረሻ ባቡር ግን በፍጹም አታቅዱ፤ ቢያንስ ከኋላው አንድ ሌላ ባቡር ይኑር።