የሯጭ ተረከዝ በእረፍት ብቻ ለምን አይድንም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ለዓመታት በሳምንት አምስት ቀን ስሮጥ ኖሬያለሁ። ከስምንት ወር በፊት የቀኝ ተረከዜን ከሥር ያመኝ ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስራመድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል፤ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይለቀኛል። ስሮጥም መጀመሪያ ላይ አሞኝ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፤ ማታ ግን ይብሳል። ራጅ ተነስቼ «ተረከዝዎ ላይ አጥንት በቅሏል» ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሳምንት አርፌ ሕመሙ ሲጠፋልኝ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሳምንት ውስጥ አገረሸብኝ። አንድ ጊዜ መርፌ ተወግቼ ወር ከግማሽ ያህል ደህና ነበርኩ። አሁን ሁለተኛ መርፌ ልወጋ? አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ላስወጣው? ወይስ ሩጫ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሩጫዎን መተው አያስፈልግዎትም። አጥንቱን ለማስወጣትም አይቸኩሉ፤ ሁለተኛውን መርፌ ደግሞ ለጊዜው ያቆዩት። ከደብዳቤዎ ውስጥ ከራጁ ውጤት ይልቅ ትልቅ ቦታ የምሰጠው «አርፌ ሲጠፋልኝ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ» ላሉት ነገር ነው።

ምልክቶችዎ ፕላንታር ፋሺያይተስ ከሚባለው ሕመም ጋር ይገጥማሉ። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ግርጌ የሚዘረጋ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳና ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ይወጠራል፤ ሲወጠርም የእግርን ጎድጓዳ ደግፎ ይይዛል። በሩጫ ጊዜ አንድ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይቀበላል። የሩጫው መጠን በድንገት ሲጨምር፣ ዳገትና ፍጥነት ሲደራረብ፣ ወይም ባት ደክሞ ሥራውን በቅጡ ሳይሠራ ሲቀር፣ ማሰሪያው ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያሉት ክሮች ለመጠገን ጊዜ ሳያገኙ ደጋግመው ይጎዳሉ። ሕመሙ ወራት ካስቆጠረ በኋላ እዚያ ቦታ የሚገኘው ባብዛኛው ብግነት ሳይሆን የተዘበራረቀና የወፈረ ክር ነው፤ በአልትራሳውንድ ሲለካ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። ፀረ ብግነት መድኃኒት ሕመሙን ለጊዜው አስታግሶ ሥሩን ሳይነካ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

እረፍት ሲያደርጉ ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚቀንስ ሕመሙ ይጠፋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ማሰሪያውም ባቱም ጫና የመሸከም አቅማቸው ይቀንሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ድሮው ኪሎ ሜትር ሲመለሱ፣ ያንኑ ልምምድ ከበፊቱ በደከመ እግር ላይ ጫኑት ማለት ነው። መርፌውም ያደረገው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሕመሙን አጠፋ፣ አቅም ግን አልጨመረም። ስለዚህ ስምንት ወር ታመዋል እንጂ ስምንት ወር ታክመዋል ማለት አይቻልም። ይህን የምለው ተስፋ እንዲያደርጉ ነው፤ ዋናው ሕክምና ገና አልተሞከረም።

ስለ በቀለው አጥንት ብዙ አይጨነቁ። ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ራጅ ሲነሱ እንዲህ ያለ አጥንት ይገኝባቸዋል። አጥንቱ የሚያድገው ወደ ፊት፣ ወደ ጣቶች አቅጣጫ ነው፤ ወደ መሬት ወርዶ ሥጋ የሚወጋ አይደለም። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከዳነም በኋላ አጥንቱ እዚያው ይኖራል፤ ስላለም ሩጫ አይከለክልም።

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሕመሙ ሌላ አለመሆኑን እንለይ። ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያድርጉና በአንድ እጅ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ይሳቡ። በሌላው እጅ አውራ ጣት ከተረከዙ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጎንና ወደ ፊት ጠጋ ያለውን ጠርዝ ጫን ይበሉ። ሕመሙ ልክ እዚያ ከተነሳ ምርመራው ከታሪክዎ ጋር ይስማማል። ቀጥሎ ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በመዳፍ ጨመቅ ያድርጉት። ከሁለቱም ጎን ሲጨመቅ ክፉኛ የሚያም ከሆነ፣ ወይም በሩጫ መሃል ቀለል በማለት ፈንታ እየባሰ የሚሄድና ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ አጥንቱ በጫና ብዛት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወዲያውኑ ሩጫ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል «ራጄ ንጹሕ ነው» ብሎ መሮጥ አደገኛ ነው፤ በኤምአርአይ ይለያል። የወር አበባቸው የተቋረጠባቸው ወይም በቂ ምግብ የማይመገቡ ሯጮች በተለይ ይህን ማሰብ አለባቸው።

ሕመሙ ከሥር ሳይሆን ከተረከዝ ኋላ ከሆነ ጉዳዩ የአኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው) ነው፤ ከታች የምጽፈውም እንዳለ አይሠራለትም፤ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲታመም ተረከዝን ከደረጃ ጠርዝ በታች ማውረድ ያባብሰዋልና። ማቃጠል፣ መንዘር ወይም መደንዘዝ ወደ ነርቭ ያመለክታል። ሁለቱም ተረከዞች አብረው የሚያሙ፣ ጠዋት ጀርባ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚተሳሰር፣ ዓይን የሚቀላ ወይም ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ያለ እንደሆነ የመገጣጠሚያ ብግነት ምርመራ ያስፈልጋል። በድንገት «ጧ» የሚል ስሜት ተሰምቶ ውስጥ እግር ከበለዘ ደግሞ ማሰሪያው ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ በወሰዱ ሰዎች ላይ ሊደርስ የሚችል ጉዳት ነው። ትኩሳት፣ እብጠት ወይም የስኳር ሕመም ካለም ቤት ውስጥ አይሞክሩ። በእርስዎ ሁኔታ ስምንት ወር ስላለፈና መርፌም ስለተወጉ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መነሳት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕክምና እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሜ የማዘው ተረከዝን የማንሳት ልምምድ ነው። ፎጣ ጠቅልለው በደረጃ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። የታመመውን እግር ጣቶች በፎጣው ላይ አድርገው፣ ተረከዙ ከጠርዙ ውጭ እንዲሆን በዚያው እግር ብቻ ይቁሙ። ጣቶቹ ወደ ላይ መታጠፍ አለባቸው፤ ማሰሪያው የሚወጠረውና ጫናው ወደሚፈለገው ቦታ የሚደርሰው ያኔ ነው። ሦስት ሰከንድ ቆጥረው ይነሱ፣ ከላይ ሁለት ሰከንድ ይቆዩ፣ ሦስት ሰከንድ ቆጥረው ይውረዱ። በየሁለት ቀኑ 12 ጊዜ በ3 ዙር ይጀምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጻሕፍት የተሞላ የጀርባ ቦርሳ አዝለው 10 ጊዜ በ4 ዙር፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ቦርሳውን አክብደው 8 ጊዜ በ5 ዙር ያድርጉ። ክብደቱ ልክ የሚሆነው የዙሩን የመጨረሻ ማንሳት ጨርሰው አንድ ተጨማሪ በትክክል መሥራት ሲያቅትዎት ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ እግር ካልቻሉ በሁለት ይጀምሩ።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት 48 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ይህንን ልምምድ ማሰሪያውን ከማሳሳብ (ጣቶችን ስቦ ከመወጠር) ጋር አወዳድረው ነበር። በሦስተኛው ወር ይህን የሠሩት በግልጽ ተሽሏቸው ተገኝተዋል፤ በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ጥቅሙ ቶሎ መሻል ነው ማለት ነው፤ ለሯጭ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአሠራሩ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ ቦታ ነው። የደረጃውን መደገፊያ አጥብቀው ይዘው በእጃቸው ራሳቸውን ይስባሉ፤ እጅ ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ነው፣ ሁለት ጣት ይበቃል። ሲወርዱ ይወድቃሉ፤ ክሩን ቀስ በቀስ የሚያጠነክረው ግን ዝግታው ነው። ሲነሱ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውጭ ይጠመዘዛል፤ ክብደቱ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት ግርጌ ላይ መሆን አለበት። የጓጉት በየቀኑ ይሠሩታል፤ ማሰሪያው ራሱን የሚጠግንበት ቀን ያጣል። ከሁሉ የሚከፋው በሦስተኛው ሳምንት «ለውጥ የለም» ብሎ መተው ነው፤ ለውጡን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቁት።

ማሳሳቡንም ጎን ለጎን ይያዙት። እግርዎን ጉልበት ላይ አጣጥፈው ጣቶቹን ሁሉ ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ በሌላው እጅ ውስጥ እግርዎን ሲዳስሱ ማሰሪያው እንደ ገመድ ተወጥሮ መገኘት አለበት። አሥር ሰከንድ ይያዙ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ዙር ጠዋት አልጋ ላይ፣ መሬት ሳይረግጡ መሆን አለበት። ሌሊት እግር ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያድር ማሰሪያው ላልቶ ይቆያል፤ በመጀመሪያው እርምጃ በድንገት ሲወጠር ነው የሚወጋዎት።

ስለ ሩጫው ዳኛ የሚሆንዎት የነገ ጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። በየጠዋቱ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ሰጥተው በማስታወሻ ይጻፉ። በልምምድ ወቅት እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ካልባሰ መጠኑ ልክ ነበር። ከባሰ ይቀንሱ። እያነከሱ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከ5 የሚያልፍ ከሆነ ለሁለት ሦስት ሳምንት ሩጫውን በብስክሌት ወይም በዋና ይተኩ፤ የተረከዝ ማንሳቱ ግን አይቋረጥ። ከዚያ በታች ከሆነ ሩጫዎን በግማሽ ይቀንሱ፤ ዳገትንና የፍጥነት ልምምድን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ በተከታታይ ቀን አይሩጡ።

አቁመው የሚመለሱ ከሆነ በሜዳማ ቦታ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ ይጀምሩ። ሁለት ልምምድ ሳያባብስ ካለፈ ሶምሶማውን ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 5 ደቂቃ ያሳድጉ። 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ ሲሮጡና ጠዋቱ ጸጥ ሲል ርቀት ይጨምሩ፤ ርቀቱ ሲደላደል ፍጥነት፣ በመጨረሻ ዳገት። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። ተረከዝ ማንሳቱን ከሩጫው በኋላ በዚያው ቀን ቢሠሩት በማግስቱ እግርዎ በሙሉ ያርፋል።

በጫማ ላይ ብዙ ገንዘብ አይጥፋ። በሕመሙ ጊዜ በባዶ እግር ጠንካራ ወለል አይርገጡ፤ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ከአልጋዎ ሥር ይኑር። ተረከዙ ከፊቱ ከፍ ያለ የሩጫ ጫማ ይያዙ፤ ወደ ጠፍጣፋ ጫማ ለመቀየር ይህ ጊዜው አይደለም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጫማ ውስጥ ሶል ለአብዛኛው ሰው በልክ ከሚሠራው ባልተናነሰ ያገለግላል። በረዶ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ያስታግሳል። አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ለጥቂት ቀን መውሰድ ይቻላል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የደም ግፊት ካለብዎት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አይሆንም። ለመሮጥ ብለው ከሩጫ በፊት ፈጽሞ አይውሰዱት፤ የሚያስቆምዎትን ምልክት ያፍናል።

ሁለተኛ መርፌ ጥቅሙ ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው። ጉዳቱ ማሰሪያው እንዲቀደድና የተረከዝ ሥር ስብ እንዲሳሳ ማድረጉ ነው፤ ያ ስብ ከሳሳ በኋላ የሚመልሰው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ለሯጭ ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ከዚያ በፊት ሾክዌቭ የሚባለውን የድምፅ ሞገድ ሕክምና ባስቀድም እመርጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ለሦስት ጊዜ ይሰጣል፣ ከልምምዱም ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና ማሰሪያውን በከፊል መቁረጥ በመሆኑ የእግርን ጎድጓዳ ሊያላላው ይችላል፤ የሚታሰበው በትክክል የተሠራ የወራት ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው።

ልምምዱን ለ12 ሳምንት ይሥሩና የጠዋት ማስታወሻዎንና የሚሮጡበትን ጫማ ይዘው ፊዚዮቴራፒስት ወይም የስፖርት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቁጥሮቹ እየወረዱ ከሆነ ቦርሳውን አክብደው ይቀጥሉ፤ ካልወረዱ ተረከዝ ሲያነሱ ፊት ለፊታቸው አሳዩአቸው፣ ስለ ሾክዌቭም ይጠይቁ።