ዘይቱ የሞተር ነው ወይስ የካምቢዮ?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሐረር የምመላለስበት ማኑዋል መኪናዬ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ ስር ዘይት ያንጠባጥባል። ሜካኒኩ "ካምቢዮ ይውረድ" አለኝ። ላስወርደው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አትቸኩል! መጀመሪያ የምን ዘይት እንደሆነ እንወቅ። ማታ ከስር ካርቶን አንጥፍ። ጠቆር፣ ቀጠን ካለ የሞተር ነው፤ ወፈር ብሎ የድኝ ዓይነት ሽታ ካለው የካምቢዮ ነው። የሞተር ሲሆን ሁሉም ሰው የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) የኋላ ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ቀለበት ነው የሚጠረጥረው፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ያየሁት ከላይ ከኮፐርኪዮው (ከሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከክዳኑ ማሸጊያ ወጥቶ በሞተሩ ጀርባ እየወረደ እዚያው መጋጠሚያው ላይ የሚጠራቀም ዘይት ነው። ስለዚህ ሞተሩን አሳጥብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ የደንገጎን ዳገት አንዴ ውጣና በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ፈትሽ። ላይ ደረቅ ሆኖ ታች ብቻ ከረጠበ ሜካኒኩ ልክ ነው፣ ይውረድ። ከወረደ አይቀር የሞተሩንም የካምቢዮውንም ኦይል ሲል አንድ ላይ ቀይር። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦም አስፈትሽ፣ ከተደፈነ በግፊቱ አዲሱም ኦይል ሲል ማፍሰሱ አይቀርም። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎትት ካለ ግን ዘይቱ ፍሪሲዮኑን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንድ ቀንም አትዘግይ።