መልስ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጡረታ ዕድሜ ጀምሮ ሳይጨርሱ መቆም

ጋሼ፣ ጀምረው ያቆሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለጊዜው መደርደሪያው ላይ ይመልሱት። ታሪኩ የሚጀምርባት መንደር ማንኩሳ ላይ የቆሙት «አሁን አርጅቻለሁ» እንዳሉት በዕድሜዎ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ዋናው ባለታሪክ በዛብህ ሳይወለድ በፊት ወላጆቹን ያስተዋውቀናል፤ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕድሜ ልኩን ከጋዜጣና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቀር ላላነበበ ሰው መነሻ አይሆንም።

1. በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ይጀምሩ። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ አጭር ነው። ታሪኩ እዚሁ አዲስ አበባ ስለሆነ የወጣትነት ከተማዎን ያገኙበታል።

2. ከዚያ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲመለሱ፣ መጀመሪያ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ትንሽ ያዳምጡ። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን በእሱ ድምፅ የሰማ ሰው ሲያነብ ብቻውን ይስቃል። (ትረካው ይበልጣል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ግን በር ከፋች ነው።)

ለመግዛት አይቸኩሉ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ በነጻ ነው። በተማሪዎች መሃል መቀመጥ ካሳፈረዎት፣ ግድ የለም፣ ማንም ቀና ብሎ አያይዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከአዟሪ ከገዙ እዚያው ቆመው ይገልብጡት። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ቅጂ ደርሶኝ ያውቃል፤ ፊደሉ የደበዘዘ፣ መሃሉ ላይ ገጽ የጎደለው። አዟሪውን በማግስቱ ከየት ይፈልጉታል? መነጽርዎንም ይዘው ይውጡ።