ቤት አስታማሚ፣ ቢሮ ሠራተኛ፦ ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የመጡልኝን ጥያቄዎች ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። «መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም» ይላሉ። እናቷን የምታስታምመውም፣ አባቱን የሚጦረውም ወሬውን የሚጀምሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገጹን ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። ስም ትቻለሁ፣ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያለሁ።

«ደብረ ማርቆስ፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። እናቴን ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ቀን ቀን የምትጠብቅልኝ ልጅ የምትደርሰው 2 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ መስኮቴ ላይ መገኘት አለብኝ። ሦስት ጊዜ አርፍጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ቢያውቅ ‹ይቺ ከእንግዲህ ለሥራ አትሆንም› ይላል ብዬ ፈራሁ።»

ንገሪው እህቴ። በዚሁ ሳምንት ንገሪው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የአስታማሚም ነገር እንደዚያው ነው። በእኔም ደርሷል። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ አራት ወር ሙሉ ለአለቃዬ ትንፍሽ አላልኩም። ሌሊት እየተነሣሁ አገላብጣታለሁ፣ ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ቢሮ እገባለሁ። አንድ ቀን የደመወዝ ዝርዝር ላይ የአንድ ሰው ስም ሁለት ቦታ ጻፍኩ። ተጠርቼ ስገባ ነው እንባ እየተናነቀኝ የተናገርኩት። አለቃዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ የወር መጨረሻውን ሥራ ከባልደረባዬ ጋር ተካፈልን። አራት ወር የፈራሁት ነገር ያለቀው በሃያ ደቂቃ ነው።

ስትገቢ ግን «እናቴ ታማለች፣ ተቸግሬያለሁ» ብለሽ ብቻ እንዳታቆሚ። አለቃሽ ያዝንልሻል፣ ምን እንደሚያደርግልሽ ግን አያውቅም። የጎደለሽ ግማሽ ሰዓት ነው። እሱን አስቀምጪለት። «ከ2 ሰዓት ተኩል ልጀምር፣ ግማሹን ሰዓት ከምሳዬ ላይ ልሥራው፣ ካልሆነም ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ልቆይ። አንድ ወር እንሞክረውና እንየው» በይው። ሰዓቱን የያዘ ጥያቄ ሲቀርብለት ሰው እሺ ለማለት ይቀለዋል።

ከተነጋገራችሁ በኋላ በአንድ ገጽ ጻፊው። የሐኪሟን ማስረጃ ኮፒ አያይዢበት፣ አንዱን ለራስሽ አስቀሪ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። «ያለ በቂ ምክንያት» የምትለዋን ልብ በያት። አንቺ በቂ ምክንያት አለሽ። ፋይልሽ ውስጥ ከሌለ ግን የሚታየው ማርፈድሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከእናትሽ አልጋ ራስጌ ደብተርና እስክሪብቶ በሲባጎ እሰሪ። ልጅቷ መድኃኒት የሰጠችበትን፣ ምግብ ያበላችበትንና ያገላበጠችበትን ሰዓት ትጻፍ። መጻፍ ካልቻለች የሰዓቱን ሠንጠረዥ አንቺው አዘጋጂላትና ጭረት ታድርግበት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። ተረከዟን፣ ዳሌዋንና የወገቧን ታች ማታ ማታ በመብራት እይ። ተጭነሽ ስትለቂው የማይጠፋ ቅላት ካየሽ በዚያ ጎኗ አታስተኛት፣ ለጤና ባለሙያም አሳዪ። እኔ ደብተር ከመጀመሬ በፊት በየሰዓቱ እደውል ነበር። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ መደወል በቃኝ።

«ቡሬ፣ የግል ድርጅት ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። አባቴን ለሕክምና ባሕር ዳር ማድረስ አለብኝ። ስንት ቀን ፈቃድ ይገባኛል?»

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በ7 ዓመት 19 ቀን ደርሰሃል ማለት ነው። አንተ ጠይቀህ አሠሪህ ከተስማማ ለሁለት ከፍለህ መውሰድ ትችላለህ። ፈቃድህ ካለቀ ደግሞ ለከባድና ድንገተኛ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መውጣት ትችላለህ። ይኸኛው በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። መንገድ ሲዘጋ አምስት ቀን እንዴት እንደሚያልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ የተከፈለበትን ፈቃድህን አስቀድመህ አትጨርስ፣ ጥቂት ቀን ለመመለሻ አስቀር።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ሕጉ የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለማስታመም ግን ከደመወዝ ጋር ለብቻው ያስቀመጠው ፈቃድ የለም። አባታችንን ለመቅበር የተሰጠን ቀን፣ በሕይወት እያለ አጠገቡ ለመቀመጥ አልተሰጠንም። የሠራተኛ ማኅበር ያላችሁ ሰዎች፣ የኅብረት ስምምነት ስትደራደሩ ይህችን ነገር አንሡልን። በስምምነት ከሕጉ የተሻለ መስጠት አይከለከልም።

«ፍኖተ ሰላም ትንሽ ሆቴል አለኝ፣ 18 ሠራተኞች አሉኝ። ዋናዋ ወጥ ሠሪዬ አካል ጉዳተኛ ልጅ አላት። ልጁን የሚይዙላት እናቷ ከ9 ሰዓት በኋላ አይችሉም። ‹በጊዜ ልውጣ› ትለኛለች። ለእሷ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ይጠይቀኛል። ደግሞ እሷን ማጣት አልፈልግም።»

ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ባለ ድርጅት ሳይጠይቅ ነው የሚያሰናብተው።

«ሁሉም ይጠይቀኛል» ላሉት፣ ይጠይቅ። ከ18 ሰው ውስጥ ቤቱ ራሱን የማይችል ሰው ያለበት ስንቱ ነው? ቁጭ ብለው ይቁጠሩ። ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ሠራተኛውን የሚያስኮርፈው ለአንዷ መደረጉ ሳይሆን በምስጢር መደረጉ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ያውጡና ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። «ቤቱ ውስጥ የታመመ ወይም ራሱን የማይችል ቤተሰብ ያለው ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱ ሳይጎድል ፈረቃውን በስምምነት መቀየር ይችላል።» ይኸው ነው። ያን ጊዜ አድልዎ መሆኑ ይቀራል፣ የቤቱ ሥርዓት ይሆናል።

ወደ ወጥ ሠሪዋ ልምጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ገብታ 8 ሰዓት ብትወጣ ስምንት ሰዓቷ ሞላ። የቁርሱም የምሳውም ወጥ በእጇ ያልፋል። የረቡዕና የዓርብ በያይነቱ ደግሞ ዋናው ሥራው ጠዋት ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ ከቀትር በፊት ነው የሚያልቀው። ለራት ረዳቷ ታሙቀው፣ ትጨምርበት። ረዳቷም በዚህ ሰበብ እጇ ይፈታል። ደመወዟን አይንኩባት፣ የጎደለ ሰዓት የለምና።

ብትሄድብዎትስ? አዲስ ሰው ይቀጥራሉ። ደንበኛ ግን ወጡ የተለወጠ ቀን ያውቃል። እሷን የቀየረ ሆቴል ጣዕሙን ለመመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከተስማማችሁ በኋላ ስትወጣ «ዛሬም ሄድሽ?» የሚላት ሰው እንዳይኖር። ይህች አንዲት ቃል የተሰጣትን ሰዓት ሁሉ ታስመልሳታለች።

«ልጄ ታሞ ስለምመላለስ ‹የቤት ጣጣ የበዛበት ሰው አንፈልግም› ተባልኩ። እንዲህ ብሎ ማሰናበት ይቻላል?»

አይቻልም። የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 ላይ በግልጽ ተጽፏል። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 156ንም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የተባልሽውን ቀኑንና የነበረውን ሰው ጨምረሽ ዛሬውኑ ጻፊ። የስንብት ደብዳቤ ከመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ ሂጂ። የክስ ጊዜው አጭር ነው።

«ዳንግላ አስተማሪ ነኝ። አባቴ አልጋ ከያዘ ዓመት ሆነው። የማጥበው፣ ጨርቁን የምቀይርለት እኔ ነኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲሰሙ ‹ሚስት አታገባም?› እያሉ ይሥቃሉ። አሁን ማውራት ትቻለሁ።»

ወንድሜ፣ በአገራችን የታመመን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ወርዶ ዳገት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ነው? ወንዱ ነው። እናቱን አዝሎ ጠበል የሚያስገባ ወንድ ስንቱን አይተናል። በዚያ ላይ የሚሥቅ የለም። ታዲያ ቤት ገብቶ አባቱን ሲያጥብ ነውሩ ከየት መጣ?

አባትህንም አስብ። በምራት ወይም በሴት ልጅ እጅ ከመታጠብ በወንድ ልጁ እጅ መታጠብ የሚቀልለው ሽማግሌ ብዙ ነው። አፍ አውጥቶ አይነግርህ ይሆናል እንጂ ይታወቀዋል።

ለሚሥቁት መልስ መስጠት የለብህም። ለርእሰ መምህሩ ግን ንገረው። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ነፃ ይሁኑልህ። ለማጠብ፣ ለማብላትና ጨርቅ አጥቦ ለማስጣት ይበቃሉ። ድልድሉ ከወጣ በኋላ ማስቀየር ግን ራስ ምታት ነው፤ ከወዲሁ ጠይቅ።

«ዱርቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እናትና አባቴን የምመለከተው እኔ ብቻ ነኝ። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ ለበዓል ብር ይልካሉ፣ ከዚያ ‹አንቺ አለሽ አይደል› ይላሉ። ደከመኝ።»

ይደክማል። መድከምሽን ማመንሽ ጥሩ ነው።

ወንድሞችሽን «እርዱኝ» አትበያቸው፤ «መች ትመጣለህ?» በያቸው። እነሱም የዓመት ፈቃድ አላቸው። አንዱ በጥር፣ አንዱ በሚያዝያ አንድ አንድ ሳምንት ይምጡ። አንቺ በዚያ ሳምንት ሌላ ቤት እደሪ። እዚያው ከዋልሽ ሥራው ተመልሶ አንቺው ላይ ይወድቃል። ብሩንም በበዓል አይላኩት። በየወሩ ለምትረዳሽ ልጅ ደመወዝ እንዲሆን ተከፋፍለው ይላኩ። አንዴ በጅምላ የመጣ ብር ለበጉ ይውላል።

ወላጆችሽ ገጠር ከሆኑ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸውን አይተሽ ታውቂያለሽ? ወረዳችሁ ደቡብ አቸፈር ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አታጪም። ዋናው ነገር መዋጮው በየዓመቱ በጊዜው መታደሱ ነው። ካልታደሰ ደብተሩ ሆስፒታል በር ላይ አይሠራም። ሕክምናውንም ከጤና ጣቢያ ጀምሪና ሪፈር አጽፊ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ። የእድሳቱን ነገር ለታላቅ ወንድምሽ ስጪው። ብር ልኮ፣ ደረሰኙን በስልክ አይቶ፣ እሱ ይከታተለው። አንድ ነገር ከራስሽ ላይ ይውረድልሽ።

«ፋብሪካ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ በር ላይ ነው የምናስቀምጠው። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ብቻዋን ነው የምትውለው። ቀኑን ሙሉ ልቤ እቤት ነው።»

የፈረቃ ኃላፊሽን ቁጥርና የጥበቃውን ቁጥር ለጎረቤትሽ ስጪ። ለሁለቱም «ከዚህ ቁጥር ከተደወለ እናቴ ናት፣ ጥሩኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ይህን ያህል እሺ የማይል ኃላፊ ብዙም አላጋጠመኝም። የሚቸግረው መልእክቱ ድንገት ሲመጣ ነው።

ጎረቤትሽን ደግሞ ይህን አስተምሪያት። እናትሽ ካላባት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ወሬዋ ከተምታታ ስኳሯ ወርዶ ይሆናል። የሚሰማትና መዋጥ የምትችል ከሆነ ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጣ ወይም ለስላሳ ታጠጣት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጣት፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። አራት ማንኪያ ስኳር በትንሽ ብልቃጥ አድርገሽ፣ ከአንድ ብርጭቆ ጋር አልጋዋ አጠገብ መስኮቱ ላይ አስቀምጪ። ቁልፉን ደግሞ ዛሬ ማታ አስቀርጺና አንዱን ለጎረቤትሽ ስጫት።