የባሕር ውሃ የገባበትን የጀልባ ሞተር ፀሐይ ላይ አታድርቀው

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ አጠገብ ላለችው ሐይቅ ከተማ ሐይቅ፣ ለጀልባ ብለህ ከጅቡቲ ያስመጣኸው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ፣ ጀልባው ታጁራ ላይ ሰጥሞ የወጣ መሆኑን የሰማኸው ሞተሩ ኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ ነው፣ ዘይቱ ውሃ ተቀላቅሎበት ማኪያቶ መስሏል፣ ሰዎች ደግሞ ፀሐይ ላይ አውለውና ዘይት ቀይረህ አስነሳው ብለውሃል። እባክህ አታስነሳው። ባትሪም አታስጠጋው።

የመከሩህ ሰዎች ከልባቸው ነው፣ እኛ ጋ የሚታወቀው የወንዝ ውሃ ነዋ። ቦርከና ሞልቶ የመስኖ ፓምፕ ሲውጥ አውጥተን፣ አድርቀን፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀይረን እናስነሳለን፣ ብዙ ጊዜም ይነሳል። ባሕር ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፣ ቀይ ባሕር ላይ ወደ 40 ይጠጋል፣ ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም እዛው ኩሽኔታው ላይ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ላይ፣ አልሙኒየሙ ላይ ይቀራል፣ ከዛ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበት እየሳበ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፀሐይ ስታደርቀው ጨውን ውስጡ እያስቀመጥክ ነው።

ጅቡቲ የዓሣ ጀልባ ሞተር ስሠራ በነበረ ጊዜ ደንቡ እንዲህ ነበር፣ ሞተሩ ከባሕር እንደወጣ ወዲያው የሚፈታ ሰው ከሌለ ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ በርሜል ውስጥ መልሰህ ትነክረዋለህ። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ ግን ዝገት ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፣ ተነክሮ እስካለ ድረስ ጊዜ ታገኛለህ። ያንተው ግን በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አየር እየመታው ነው የመጣው፣ ያ ዕድል አልፏል። አሁን የቀረው በጥንቃቄ መክፈት ነው።

መጀመሪያ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ ሲሰጥም ሞተሩ እየሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። እየሠራ ከሆነ ውሃ በአየር ማስገቢያው ስቦ ሲሊንደር ውስጥ አስገብቷል፣ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፣ ፒስተኑ ሲመጣ የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ክንድ ነው። ዛሬ በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ብታዞረውም ውስጡ ውሃ ካለ ያው ነገር ነው የሚደርሰው።

ካንዴላዎቹን (ብልጭታ የሚሰጡትን) በሙሉ አውጣ። በየቀዳዳው ሰርሳሪ ዘይት ወይም ናፍጣ ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅለህ ጨምርና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተወው። ከዛ ፍላይዊሉን፣ ማለት ከላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፣ ከላይ ሆነህ ስታየው በሰዓት አቅጣጫ ብቻ፣ ወደኋላ ካዞርከው የውሃ ፓምፑን ጎማ ትጎዳዋለህ። ካልዞረ አታስገድደው፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይውረድ። ከዞረ ደግሞ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገባና ፒስተኑ ጫፍ ላይ አስደግፈው፣ እያዞርክ ዘንጉ በጣም ከፍ ያለበት ቦታ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርግ፣ ሁሉንም ሲሊንደር በዛው ዘንግ ለካ። አንዱ ምልክት ከሌሎቹ ከተለየ፣ ማለት ያኛው ፒስተን እስከላይ ካልደረሰ፣ ክንዱ ታጥፏል፣ መፈታት አለበት። ይሄ መለኪያ ምንም አያስወጣህም፣ ግን ብዙ ብር ያድንሃል።

ደህና ከሆነ ያንን ማኪያቶ ዘይት አፍስስ፣ ፊልትሮውንም ጣለው። ናፍጣ ከዘይት ጋር ቀላቅለህ ሙላ፣ በእጅ ብዙ ጊዜ አዙር፣ አፍስስ፣ ጥርት እስኪል ደጋግም። ናፍጣው ውስጥ እያለ በጭራሽ አታስነሳ። ከዛ ትክክለኛውን ዘይትና አዲስ ፊልትሮ አድርግና ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አቁመህ (ውሃው ከሞተሩ የውሃ መሳቢያ ወንፊት በላይ ይሁን) በዝቅተኛ ዙር አስነሳ፣ ሲሞቅ አጥፋ፣ ሳይቀዘቅዝ ዘይቱን አፍስስ፣ እንደገና በአዲስ። አንዴ ቀይሮ ማቆም የሚባል ነገር የለም፣ ውሃው በዘይት መንገዶቹና ከቫልቭ ክዳኑ ስር ተደብቆ ይቀራል፣ ዘይቱ ከሠራ በኋላም ቀለሙን ይዞ እስኪወጣ ድረስ መደጋገም ነው። ለማጠቢያው ውድ ዘይት አያስፈልግህም፣ ደረጃው ልክ ይሁን እንጂ ርካሹ ይበቃል።

የነዳጅ መስመሩንና ካርቡሬተሩን ወይም ኢንጀክተሩን ሳታጸዳ ማስነሳት የለም፣ ይሄን ማንም መካኒክ ያውቀዋል።

ታች ያለው የማርሽ ዘይት ከሞተሩ ዘይት የተለየ ነው፣ እሱንም በታችኛው ቡሎን አፍስሰህ እይ። ነጣ ካለ ኦይል ሲሉ (ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው ጎማ) አልቋል፣ ፕሮፔለሩን አውልቀህ ስሩን ተመልከት፣ ብዙ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ሲሉን በልቶት ታገኛለህ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው። ሶኬቶቹን ሁሉ ነቅለህ በንጹህ ውሃ እጠብ፣ በኮምፕሬሰር አየር ንፋ፣ ሞተሪኖውን ፍታው። አንዱን ሽቦ ጫፉ ላይ ላጠው፣ መዳቡ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ከሆነ ጨዋማው ውሃ በፕላስቲኩ ውስጥ ወደላይ ስቧል ማለት ነው፣ ቀይ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኝ እየቆረጥክ ሂድ። ዛሬ ቢሠራ እንኳ ቆይቶ ሰው ጭነህ መሃል ሐይቅ ላይ ያቆምሃል፣ ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ ነው፣ በዚህ አልቀልድም።

ሌላ ሁለት ነገር። ሐይቅ ጨው ውሃ ስላልሆነ በሞተሩ ብረት ፈንታ እየተበላ ከዝገት የሚያድነውን የዚንክ ቁራጭ በማግኒዚየም ቀይረው፣ ዚንክ እዛ ብዙም አይሠራም። ደግሞ ሐይቅ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጥህ ጉልበት ወደ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል፣ ሞተሩ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልገው ይሆናል።

አሁን ካንዴላዎቹን አውጣና በብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ፍላይዊሉ መዞር አለመዞሩንም ጻፍልኝ። እሱን ሳናይ ለመለዋወጫ ብር እንዳታወጣ።